ለመንዝ ልጆች ቤትሆቨንን ከየት ልጀምርላቸው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ከአንድ የዓለም ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ጋር ላስተዋውቃቸው ብዬ ቤትሆቨንን መረጥኩ። ‹በ1770 ቦን ከተማ ተወለደ› ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ እነሱም ገለበጡ፤ በቃ። አንዱ ብቻ እጁን አውጥቶ ‹ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?› አለኝ። ያለኝ ስልኬና አንዲት ትንሽ ስፒከር ናቸው፤ መብራት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ባልደረባዬ ‹ለእረኛ ልጅ ቤትሆቨን ምን ሊያደርግለት!› እያለ ይስቅብኛል። ከሁሉ የጨነቀኝ ደግሞ፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ አለኝ። ቤትሆቨን መስማት እንደተሳነው ሳነሳ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እሱን ቢያየውስ? አባቱም ጠጪና ልጁን የሚደበድብ እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ይህ ለሕፃን ይነገራል? ፈተናውስ ላይ ምን ልጠይቅ? ምን ይመክሩኛል?»
መምህርት፣ ከመንዝ

እህቴ፣ ከባልደረባሽ ልጀምር። ሰውዬው መቀለዱ ነው፤ ግን ሳያስበው ትምህርትሽ የሚጀመርበትን ቦታ ጠቁሞሻል። ቤትሆቨን በእጁ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ውስጥ እረኛ አለ። ከሲምፎኒዎቹ፣ ለኦርኬስትራ ከጻፋቸው ረጃጅም ድርሰቶች ማለት ነው፣ ደግሞ ላንቺ ክፍል በልክ የተሰፋ የሚመስለው በእረኞች መዝሙር ነው የሚያልቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 ቤትሆቨን ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኝ ሃይሊገንሽታት በምትባል መንደር ሆኖ ለሁለት ወንድሞቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜው 31 ነበር። ጆሮው መድከም ከጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ሰው እንዳያውቅበት ይደብቅ ነበር፤ የሙዚቃ ሰው ሆኖ «ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ፣ አልሰማም» ማለት ሞት ሆነበት። በደብዳቤው ላይ እንደሚለው፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ከሩቅ የሚመጣ የዋሽንት ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ምንም አይሰማም። ሌላው እረኛ ሲያዜም ይሰማል፤ እሱ አሁንም ምንም። ደብዳቤውን ለማንም አልላከውም፤ ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መሐል ተገኘ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1808፣ ስድስተኛ ሲምፎኒውን ቪየና ውስጥ ለሕዝብ አሰማ። የመጨረሻውን ክፍል «የእረኞች መዝሙር፣ ከወጀብ በኋላ የሚሰማ ደስታና ምስጋና» ብሎ ሰይሞታል።

እኔ ብሆን ከዚህ ሰው ሕይወት ለ4ኛ ክፍል ልጅ የማስተምረው ይህንኑ ነው፦ በ1802 ያልሰማውን እረኛ በ1808 ራሱ አዜመው። ሌላው ሁሉ በዚህ ዙሪያ የሚደረደር ነው። (ያ ደብዳቤ ሕይወቱን ስለማጥፋት አስቦ እንደነበርም ይናገራል። አንቺ እወቂው፤ ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ ግን አታንሺው።)

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን እርሺው፤ ስሙንም አትንገሪያቸው። ከስድስተኛው ሲምፎኒ አራተኛውንና አምስተኛውን ክፍል ስልክሽ ላይ ጭነሽ ሂጂ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሲያልቅ ምን እንደነበር እናንተ ትነግሩኛላችሁ» በያቸውና አራተኛውን ክፈቺላቸው፤ አራት ደቂቃ ቢሞላ ነው። መጀመሪያ ከትልልቆቹ የክር መሣሪያዎች ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር ይመጣል። ቀጥሎ ቫዮሊኖቹ ጠብ ጠብ ይላሉ። ከዚያ ይወርደዋል! ቲምፓኒ የሚባለው ከበሮ በመላው ሲምፎኒ የሚመታው እዚህ ብቻ ነው፤ ፒኮሎ የምትባለዋ ቀጭን ፍሉትም የምትጮኸው እዚህ ብቻ። ሰውዬው ነጎድጓዱን ሦስት ክፍል ሙሉ ቆጥቦ አቆይቶታል።

አንድ የምወዳት ብልሃት ደግሞ አለችው። ከትልልቆቹ የክር መሣሪያዎች ቼሎዎቹ አምስት አምስት ኖታ እያደረጉ ሲሮጡ ከሥራቸው ያሉት ደብል ቤዞች አራት አራት ይሮጣሉ። አይገጥሙም፤ እንዳይገጥሙም ነው የተጻፉት። ጆሮ የሚደርሰው ድብልቅልቅ ያለ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ይህን ማብራራት አያስፈልግሽም፤ የግራውን ረድፍ አምስት፣ የቀኙን አራት እያስቆጠርሽ ጠረጴዛ አስመቺያቸው፣ ራሳቸው ይደርሱበታል። ዳይሬክተሩ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ቢመጣ በእኔ አሳቢ።

ሲያልቅ አንዱ «በረዶ ነው» ይልሻል፣ ሌላው «ጎርፍ»፣ አውሮፕላን የሚልም አይጠፋም። አታርሚያቸው። ቤትሆቨን ራሱ ስለዚህ ሲምፎኒ ሲጽፍ ሥዕል ከመሳል ይልቅ ስሜትን መግለጽ ነው ብሏል። ደግሞስ በዚህ ጉዳይ አዋቂዎቹ ያንቺ ልጆች ናቸው። በረዶ የደረሰ ገብስ ሲያስተኛ ያዩ፣ ጉም ወርዶ በግ የጠፋባቸው፣ ቋጥኝ ሥር ተጠልለው መብረቅ ያሳለፉ ናቸው። የቪየና ታዳሚ ይህን ቲያትር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሰማው።

አራተኛውና አምስተኛው ክፍል ሳይቋረጡ ነው የሚያያዙት። አንቺ ግን መሐሉ ላይ ቁሚና «ዝናቡ ሲያባራ እረኛ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂ። በግ ይቆጥራል የሚልሽ አለ፣ ጋቢውን ይጨምቃል የሚል አለ፣ ጓደኛውን ይጣራል የሚልም አለ። ይህን የመጨረሻውን እንደሰማሽ ሙዚቃውን ክፈቺ፤ ክላሪኔት የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ይጣራል፣ ሆርን የሚባለው ቀንድ ከማዶ ይመልስለታል። ከክፍሉ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ካለ፣ ከሌለም የአንዱን ታላቅ ወንድም ለምነሽ፣ ከብት ሲመልስ የሚነፋውን እንዲያሰማችሁ አድርጊ። አንድ ክፍለ ጊዜ በዚሁ ያልቃል፤ ይበቃል።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ስፒከሯን ሌሊት ቻርጅ አድርጊያት፤ ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫት፣ ድምፁ ይወፍራል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከሆነ ግን ስልክሽን አታውጪ፤ ከውጭ ያለው ወጀብ ያሸንፍሻል።

በሁለተኛው ሳምንት ስሙን ትነግሪያቸዋለሽ። «1770» የሚለውን ዓመት ግን ተዪው፤ የእኛ ልጅ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስበው፣ 1763 መሆኑን ማን ይነግረዋል? ዘመኑን በሚያውቁት አገር አስቀምጪላቸው። ቤትሆቨን በ1827፣ በእኛ 1819 ዓ.ም.፣ ሲሞት ሸዋን አንኮበር ላይ ሆኖ ይገዛ የነበረው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው። አንኮበርን ያየ ልጅ ይኖርሻል፤ ያላየውም ስሟን ሰምቷል።

አሁን ወደ አባትዬው። ይነገራል፣ ግን አነጋገሩ ላይ ተጠንቀቂ። ዮሐን ቫን ቤትሆቨን በቦን ቤተ መንግሥት የሚያገለግል ዘማሪ ነበር። መጠጥ ያበዛል፤ ልጁን ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሲያለማምደው፣ ልጁም ሲያለቅስ የጎረቤት ሰዎች አስታውሰዋል። ልጁን ሉድቪግን፣ የኛን ቤትሆቨን፣ በ1778 ኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርበው ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አባት ግን ማስታወቂያው ላይ ስድስት ብሎ ጻፈ፣ ይበልጥ እንዲደነቅለት። ልጆችሽ በዚህ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

የምፈራው ሌላ ነው። በእኛ አገር «ሳይገረፍ የተማረ የለም» የሚል ወላጅም መምህርም ገና አልጠፋም፤ ይህን ታሪክ ሰምቶ «አያችሁ፣ ዱላው ነው ሰው ያደረገው» ይላል። ስለዚህ ከአባትየው ጋር ሁልጊዜ ኔፌን አንሺ። ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፌ የቦን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ለልጁ ባህ የሚባለውን የቀድሞ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሥራዎች አስጠናው፣ የመጀመሪያ ድርሰቱን እንዲያሳትም ረዳው፣ በ1783 ደግሞ አንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ይህ ልጅ እንደ ጀመረው ከቀጠለ ሁለተኛ ሞዛርት ይሆናል ብሎ ጻፈለት። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። አባቱ ዕድሜውን ዋሸበት፤ መምህሩ ስሙን ጻፈለት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ተናገሪና ዝም በይ፣ ልጆቹ ይፈርዳሉ።

ትልልቆቹ ደግሞ ይህን ቢሰሙ አይረሱትም፦ እናቱ በ1787 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1789፣ በ18 ዓመቱ፣ የአባቱ ደሞዝ ግማሹ ለእሱ እንዲከፈለው ለቤተ መንግሥቱ አመልክቶ ታናናሾቹን ማስተዳደር ጀመረ። ያለጊዜው ቤት የሚሸከም ታላቅ ወንድም በመንዝ ብርቅ አይደለም። ትምህርት ቤትንም በልጅነቱ ነው የተወው፤ ማባዛት እስከ ዕለተ ሞቱ አልሆነለትም፣ ብዙ ቁጥር ሲገጥመው ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ይደምር ነበር። ይህችኛዋን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተማክረሽ ንገሪያቸው።

ፊት ወንበር ላይ ወዳለው ልጅ ልምጣ። ከቤትሆቨን በፊት የልጁ ጆሮ ይታይ። የልጆች ጆሮ ከሚደክምባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው፦ የጆሮ መምገል፣ የደረቀ ኩክ፣ ከጉንፋን በኋላ ውስጡ የሚቀር ፈሳሽ። እናቱን አነጋግሪ፤ ጤና ጣቢያው ይየው፣ ካልሆነ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ያስጽፉለት። እስከዚያው ስታወሪ ፊትሽን ወደ እሱ አድርጊ፤ ወደ ሰሌዳ ዞረሽ አታስረጂ።

ከትምህርቱ በፊት ለብቻው ጥሪውና ታሪኩን ንገሪው። ክፍል ውስጥ ሲሰማው አዲስ እንዳይሆንበት ነው እንጂ ፈቃድ ስጠኝ ለማለት አይደለም። ከዚያ በክፍሉ ፊት ስሙን አታንሺ፤ «እንደ እገሌ» የምትል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ። ልጆቹ ዞረው እንዳያዩት የሚያደርገው የአንቺ መጠንቀቅ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ያንኑ ነገር በየራሱ ሲሞክር ዞሮ የሚያይ አይኖርም።

ለዚህ የሚሆን የቤትሆቨን የራሱ ነገር አለልሽ። ከ1818 ጀምሮ ሰው ሊያነጋግረው ሲመጣ ደብተር ያቀርብለት ነበር። እንግዳው ጥያቄውን ይጽፋል፣ ቤትሆቨን አንብቦ በአብዛኛው በአፉ ይመልሳል። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ደብተሮች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ስናነባቸው ሌሎች የጠየቁት አለ፣ የእሱ መልስ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ ቁጭ እንደማለት ነው። ክፍልሽን ሁለት ሁለት አድርገሽ አንድ አንድ ቅዳጅ ወረቀት ስጫቸው። አንዱ ቤትሆቨን ይሁን፣ ማውራት ይችላል፤ ሌላው እንግዳ ነው፣ መጻፍ ብቻ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስበሽ የአንዱን ጥንድ አንብቢና መልሱ ምን እንደነበር ሌሎቹ ይገምቱ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያ ልጅ ከማንም እኩል ነው፤ እንዲያውም የሰው ፊት ማንበብ ስለለመደ ሊበልጣቸው ይችላል። የጽሑፍ ልምምድም ስለሆነ የአማርኛ መምህሩ ይመርቅሻል።

ወጀቡን ስታሰሚም እንዲሁ አድርጊ። ሁሉም ተራ በተራ መዳፉን ስፒከሯ ያለችበት ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፤ ከበሮ ብታገኚ ደግሞ አንዱ እየመታ ሌላው በእጁ ቆዳውን ይንካ። ቲምፓኒው ሲመታ በእንጨቱ በኩል እጅ ላይ ይደርሳል።

«መስማት የማይችል ሰው እንዴት ሙዚቃ ይጽፋል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ ቪየና ድረስ አትሂጂ። ከልጆችሽ መሐል ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ፣ ዜማ የጀመረ ይኖራል። ከግዕዙ ፊደል በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ርክርኩን፣ አንዱ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። መሪጌታው ድጓውን ዘርግቶ አፉን ሳይከፍት በዓይኑ ሲሄድበት ዜማው ውስጡ አለ አይደል? ቤትሆቨንም ከልጅነቱ ጀምሮ ኖታ ሲያነብና ሲጽፍ ያደገ ነው፤ ጆሮው ሲዘጋ ውስጡ ያለው አልተዘጋም። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ይህን ካንቺ የተሻለ ያስረዳልሻል፤ እድሉን ስጪው። «የፈረንጅ ዘፈን ምን ያደርግላቸዋል» የሚል ወላጅ ቢመጣም ከዚህ የሚሻል መልስ አታገኚም።

ከዚያ ወደ ሜይ 7 ቀን 1824 ውሰጃቸው። ዘጠነኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪየና ውስጥ ቀረበ። ቤትሆቨን መድረኩ ላይ ነው፤ ኦርኬስትራውን በእርግጥ የሚመራው ግን ሌላ ሰው ነበር። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሱ ጀርባውን እንደሰጠ ቆሟል፣ አይሰማም። ካሮሊነ ኡንገር የምትባል ወጣት ዘፋኝ ያዝ አድርጋ ወደ ሕዝቡ አዞረችው። ይህን ልጆቹ ይሥሩት እንጂ አትተርኪው፤ ቲያትር ይወዳሉ። ጭብጨባውን መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱን እጆች ከፍ አድርጎ በማርገብገብ ይሁን። ማን ካሮሊነን ይሁን በሚለው ትጣላላችሁ፤ ዕጣ አውጡ።

ስለ እሱ የሚወራውን ሁሉ ግን አትመኚ። «የአምስተኛው ሲምፎኒ አራት ምቶች ዕጣ ፈንታ በር ሲያንኳኳ ነው» የሚለው በየቦታው ይጠቀሳል። ምንጩ አንቶን ሺንድለር የሚባል ጸሐፊው የነበረ ሰው ነው፤ ይኸው ሰው ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ በንግግር ደብተሮቹ ላይ የራሱን ጽሑፍ ሲጨምር ተደርሶበታል። ምቶቹን ራሳቸውን አስጨብጭቢያቸው፣ ሦስት አጭር አንድ ረጅም፣ በሩን ተዪው። ለአንድ ስኒ ቡና ስድሳ ፍሬ ቆጥሮ ያፈላ ነበር የሚለውም ከሺንድለር የመጣ ነው። ይህኛውን «ይባላል» ብለሽ ንገሪያቸው፤ ቤት ሄደው የእናታቸውን ቡና ይቆጥራሉ፣ ሳምንቱን ሙሉም ስሙን ይጠሩታል።

ጊዜ ከተረፈሽ፣ በስድስተኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሦስት ወፎች አሉ፤ ስማቸውን ቤትሆቨን ራሱ ኖታው ላይ ጽፎታል። ናይቲንጌል የምትባለዋ በፍሉት፣ ድርጭት በኦቦ፣ ኩኩ በክላሪኔት። ልጆቹ ለሳምንት ሦስት የመንዝ ወፍ መርጠው፣ ቆቅም ይሁን ቁራ ወይም ዋኖስ፣ በፉጨት፣ በዋሽንት ወይም በአፋቸው ይዘው ይምጡ። ልክ ነው አይደለም የሚለውን አንቺ አትፍረጂ፤ ሌሎቹ ወፉን ካወቁት ልክ ነው።

ሌላ ደራሲ ላምጣ ካልሽ ለሚቀጥለው መንፈቅ አሸናፊ ከበደን አስቢ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነው፣ ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛ ለኦርኬስትራ ጽፏል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩንም ማሰብ ትችያለሽ፤ ስዊዘርላንድ በልጅነታቸው ቫዮሊን የተማሩ፣ ኋላ መንነው ፒያኖ የደረሱ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አታምጪ፤ አንድ ሰው ለአንድ መንፈቅ ይበቃል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ የልደት ዓመት አትጠይቂ። ከወጀቡ አንድ ደቂቃ አሰሚና «እዚህ ላይ ምን ሆነ? እንዴት አወቅህ?» በይ። «እንዴት አወቅህ» ለሚለው ሁለት ነጥብ ስጪ፣ ለመጀመሪያው አንድ። ጆሮው ለሚቸገረው ልጅ ይህ ጥያቄ በንግግር ደብተሩ ይተካ፤ ሁሉም ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ብትዪ ደግሞ ለብቻው የተደረገለት አይመስልም። ዳይሬክተሩ «የጽሑፍና የምርጫ ጥያቄ ግድ ነው» ካለ፣ ቤትሆቨን ሲሞት አንኮበር ላይ የነገሠው ማን እንደነበር ጠይቂ፤ ለኅብረተሰብ ትምህርቱም ይሆናል።